ጋሼ ናኮን የገደለው ቁልፍ

በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በቪዲን ከተማ ሞቶ በስቶይና እጅ ያላለፈ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቀባሪ አይደለችም፤ ሐኪምም አይደለችም። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቋ ፎቶኮፒ ታነሳለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፤ ዋናው ሥራዋ ግን የሐዘን ወረቀት ነው። የሟቹ ፎቶ ከላይ፣ ስሙና ያረፈበት ቀን ከመሃል፣ የሐዘንተኞቹ ስም ከታች። ወረቀቱ በሟቹ በር ላይ፣ በመብራት ምሰሶ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያ ይለጠፋል። አርባው ሲደርስ ሌላ፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ደግሞ ሌላ። ወጣቱ እየነቀለ ሄዶ ሽማግሌና አሮጊት ብቻ በቀሩበት ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ አይቀዘቅዝም። «የሰው ሁሉ ገበያ ሲሞት የእኔ ብቻ ደራ፤ እንዲህ ያለ መድራት ለጠላቴም አይስጠው» ትላለች። እንዲህ ትበል እንጂ ሱቋን በማለዳ ከመክፈት ሰንፋ አታውቅም።

ይህ ወረቀት ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የቪዲን ሰው ፎቶውን አይቶ ከንፈሩን ከመጠጠ በኋላ ዓይኑን የሚወረውረው ወደ ታች፣ ወደ ሐዘንተኞቹ ስም ነው። ማን ቀደመ? ማን ተከተለ? ማን ቀረ? በዚህ ሰበብ ወንድማማቾች ተኳርፈዋል፤ ምራትና አማት እዚያው ሱቅ ውስጥ ተናንቀው ፎቶኮፒ ማሽኑ ላይ ወድቀዋል። የልጅን ስም ከወላጅ ወረቀት ላይ ማስቀረት ማለት ልጁን አደባባይ አውጥቶ በጥፊ መምታት ነው።

ይህን ጥፊ ካሳረፉት ሰዎች አንዱ የስቶይና ጎረቤት ጋሼ ናኮ ናቸው፤ ዳኑብ ላይ የመርከብ መካኒክ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው። ሚስታቸው ታማ ስትሞት ጣሊያን የምትሠራው አንድ ልጃቸው ኢስክራ አልመጣችም። እሳቸውም የሚስታቸውን ወረቀት ሲያስጽፉ የልጅቱን ስም አስወጡት። ስቶይና «ተዉ ጋሼ፣ ኋላ ይቆጭዎታል» ብላ ብትለምን አልሰሟትም። ወረቀቱ በየግድግዳው ተለጠፈ፤ በከተማዋ የኢንተርኔት ገጽም ላይ ወጣ። ግማሹ ቪዲን ኑሮው ቦሎኛና ማድሪድ ስለሆነ የአገሩን መርዶ የሚሰማው ከዚያ ገጽ ነው። ኢስክራም ያየችው እዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አንዳቸው የሌላውን ድምፅ ሰምተው አያውቁም።

አሁን ወደ ቁልፉ እንምጣ።

በስቶይና ላፕቶፕ ኪቦርድ ላይ ያለው ኢንተር የሚባለው ቁልፍ ማበድ የጀመረው ብርዱ በጠናበት ሰሞን ነው። ሲጫኑት እምቢ፣ ሳይጫኑት እሺ የሚል አመል አመጣ። እሷ የሟች ስም ስትጽፍ እሱ መስመር ይዘላል፤ እሷ ሻይ ስትቀዳ እሱ ባዶ ገጽ በባዶ ገጽ ላይ ይከምራል። ያኔ ዋስትናው ገና ስላላለቀ በነጻ ይጠገንላት ነበር። ግን በነጻ መጠገን ማለት ላፕቶፑን ሶፊያ ልኮ ሳምንታት መጠበቅ ነው። ብርድ ሲመጣ ደግሞ ሽማግሌው ይረግፋል። «ሙታኑን ኪቦርዴ እስኪመለስ ቆዩኝ ልበላቸው?» አለችና ቁልፉን በጥፍር ሞረድ ከሥሩ ፈንቀል እያደረገች፣ እፍ እያለችበት፣ አንዳንዴም እናቱን እየሰደበች ክረምቱን ገፋችው። ብርዱ ጋብ ሲል ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልላ፣ እንደታመመ ሕፃን አቅፋ፣ ጥገና ቤት ወሰደችው።

የጥገና ቤቱ ልጅ ሞምቺል ይባላል። የላፕቶፑን ቁጥር አስገብቶ አየና ከንፈሩን ነከሰ።

«እትዬ ስቶይና፣ ዋስትናው እኮ አልቋል።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

«የቱ ሐሙስ?»

«ያለፈው ነዋ! ዛሬ ማክሰኞ አይደል?»

ስቶይና ክው አለች። «የታመመው እኮ ድሮ ነው! ሙሉ ክረምት በሞረድ እየፈነቀልኩ ነው የከረምኩት!»

«በሞረድ?» ሞምቺል ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ይሄንንስ ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማዎት።»

«እሺ፣ ቁልፏን ብቻ ቀይርልኝ። የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታክል ነገር!»

«ቁልፍ ለብቻው አይሸጥም። ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር ተያይዟል፣ ሽፋኑ ደግሞ ከባትሪው ጋር ተጣብቋል። የሚቀየረው ሁሉም ነው። የላፕቶፑን ግማሽ ዋጋ ያወጣል።»

«ለአንዲት ቁልፍ ግማሽ ላፕቶፕ?»

«ሲሠሩት እንዲህ ነው የሚሠሩት።»

«ማነው እንዲህ የሚሠራው? እናት የለችውም?»

ሞምቺል አዘነላት መሰለኝ፣ ከውጭ የሚሰካ ሌላ ኪቦርድ ሰጣት። በዚህኛው ትጽፋለች፤ ያበደው ግን በራሱ ጊዜ መጫኑን አይተውም። ያበደው ኪቦርድ የውስጥ ገመዱ ቢነቀል ዝም ይል ነበር፤ ግን ማብሪያው ያለው እሱ ላይ ስለሆነ ከተነቀለ ላፕቶፑ አይበራም። ስቶይና ይህን ሰምታ ሐሙስ የሚባለውን ቀን ከነዘር ማንዘሩ እየረገመች ተመለሰች። በቅን ልቦና ሙታኑን ስላስቀደመች እንዲህ መቀጣቷ አንገበገባት፤ እውነት ለመናገር እኔንም ያንገበግበኛል።

ሱቋ ስትደርስ ጋሼ ናኮ በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ፎቶዬን ቀይሪልኝ» አሉ።

ልጅ አጠገባቸው የሌላቸው የቪዲን ሽማግሌዎች ወረቀታቸውን በቁማቸው ያስጽፋሉ። ስማቸውና ፎቷቸው የተቀረጸበትን የመቃብር ድንጋይም እሑድ እሑድ እየሄዱ ያጥቡታል። ማንም በዚህ አይደነግጥም። የጋሼ ናኮም ወረቀት ከተዘጋጀ ሰንብቷል።

«ፎቶው ምን ሆነ?»

«ባርኔጣ አድርጌያለሁ። ባርኔጣ ደፍቼ ፈጣሪ ፊት ልቅረብ?»

ባዶ ራሳቸውን የሆኑበትን ፎቶ አስገባችላቸው። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ በመስኮቱ ሆስፒታሉን አዩ።

«ከታች አንድ ስም ጨምሪ።»

«የማን?»

«የማን ይመስልሻል? ዘመድ በዝቶብኝ ነው? ‹ልጃቸው ኢስክራ› በይ። ከሁሉም በላይ አድርጊው።»

ስቶይና እጇ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ። «ጋሼ፣ ይህንን እኮ ዛሬ ደውለው ቢነግሯት…»

«ስሞት ታነበዋለች።»

«ከሞቱ በኋላ ምን ያደርግላታል?»

«ጻፊልኝ እንጂ ምከሪኝ መቼ አልኩሽ?»

ደስታዋ ስላየለ አልተከራከረችም። ስሙን ከሁሉም በላይ አስገባችው። ያረፉበት ቀን የሚለው ቦታ ላይ ፕሮግራሙ የዕለቱን ቀን በራሱ ያስገባል፤ ጊዜው ሲደርስ ይስተካከላል ብላ እንዲሁ ትተወዋለች። ለሁሉም የምታደርገው እንደዚያ ነው።

አመሻሽ ላይ የአንዲት ሟች አስተማሪን ወረቀት በከተማዋ ገጽ ላይ ልታወጣ ተቀመጠች። ፎቶ ጨምር የሚለውን ስትነካ የወረቀቶቹ ማኅደር ተከፈተ፤ በመጨረሻ የተሠራው የጋሼ ናኮ ስለሆነ ከላይ ተቀምጧል። የአስተማሪዋን ልትፈልግ ስትል ዳቦ ሻጯ ፓቭሊና መስኮቱን ቆረቆረች። «ስቶይና! የቀረችው ባኒጻ ያንቺ ናት፣ ሳትበርድ ነይ!» ስቶይና ወጣች። አይብ የገባባት የባኒጻ ቂጣ እጇ ላይ እየተንጠባጠበች የሞምቺልን ግፍ ለፓቭሊና ዘረዘረች። ስትመለስ ኢንተሩ እንደ ልማዱ ባዶ መስመር እያዥጎደጎደ ነበር። «ዛሬስ አንገሸገሽከኝ!» ብላ ክዳኑን ጥርቅም አደረገችና ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ፓቭሊና ጥቁር ሻሽ አስራ መንገድ ላይ ጠበቀቻት።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ እህቴ። ደግ ጎረቤት ነበሩ።»

«እነማን?»

«ጋሼ ናኮ ናቸዋ! አልሰማሽም እንዴ?»

ስቶይና ግድግዳ ይዛ ቆመች። ትናንት! ትናንት እኮ ባርኔጣቸውን በጃቸው ይዘው አጠገቧ ነበሩ! እንባዋ ወረደ። በእንባዋ መሃል «ደግነቱ ወረቀታቸው ዝግጁ ነው» የሚል ሐሳብ ሽው ሲልባት በራሷ አፈረች። ልታትመው ወደ ሱቋ ገሠገሠች።

በሩ ላይ ጋሼ ናኮ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ንፍሮ የሞላ ሳህን ይዘው ቆመዋል።

ስቶይና ሆስፒታሉ ድረስ የተሰማ ጩኸት ጮኸች።

«ዝም በይ! ሬሳ አየሽ እንዴ?» አሏት።

«ጋሼ! ሞተዋል እኮ!»

«እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። በማለዳ በሬን ስከፍት የፓቭሊና እህት ይህን ንፍሮ ይዛ ቆማለች። ስታየኝ ሳህኑን እጄ ላይ ጥላልኝ እግሬ አውጪኝ አለች። ምንድነው ነገሩ? ከረባት ያሰርኩት ምናልባት እውነት ከሆነ ብዬ ነው።»

ሱቁን ከፍታ ገጹን ስክሪኑ ላይ አመጣችው። ጋሼ ናኮ ባዶ ራሳቸውን ሆነው ከመሃል ቁጭ ብለዋል። ያረፉበት ቀን፣ ትናንት። ከሥሩ የቪዲን ሰው ከአራቱም ማዕዘን «ነፍስ ይማር» እያለ ጎርፏል። ስቶይና ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት። እሷ ባኒጻ ስትበላ ቁልፉ አንዴ ተጭኖ ከላይ ያለውን ወረቀት መረጠ፤ ደግሞ ተጭኖ ለዓለም በተነው። አሥር ጊዜ አማተበች።

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ!»

«ቆዪ» አሉ ጋሼ ናኮ። እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ ጣል አደረጉ። «እሷ አይታው ይሆን?»

«ማን?»

«አታጥፊው ስቶይና። ስሟን ካየች ትመጣለች።»

ስቶይና ስታውቃቸው ልባቸው ደንዳና እንጂ ክፉ አልነበሩም። «በሬሳ ስም ልጅ ይጠራል እንዴ? ልጅቷ መንገድ ላይ ልቧ ቀጥ ቢልስ?»

«በሕይወት ሆኜ መች መጣችልኝ?»

«መች ጠሯት? አንድ ቀን ስልክ መትተው ያውቃሉ?»

ስቶይና እጃቸውን ገፋ አድርጋ ወረቀቱን አጠፋችው። ከዚያ በቀጥታ ለኢስክራ መልእክት መጻፍ ጀመረች። «ኢስክራ ልጄ፣ አባትሽ» እንዳለች ያ የተረገመ ቁልፍ ቀደማት። መልእክቱ ሄደ። እንዲሁ ተቆርጦ፣ «አባትሽ» ብሎ ሄደ። «አል» ብላ ልትቀጥል ስትል እሷንም ነጥቆ ላካት። ስቶይና ጠረጴዛውን በቡጢ መታችው።

ኢስክራ ወዲያው መለሰች። «አውቃለሁ፣ ማታ አይቼዋለሁ። አውቶቡስ ላይ ነኝ። ሰርቢያ ልንገባ ነው፤ እዚያ ሂሳቡ ስለሚከብድ ስልኬን አጠፋለሁ። እባካችሁ እስክደርስ እንዳትቀብሩት።»

ስቶይና «አልሞተም! አልሞተም! አልሞተም!» እያለች ጻፈች፤ ደወለችም። የሚያነብም የሚያነሳም አልነበረም። ጋሼ ናኮ አንገታቸውን አስግገው የልጃቸውን መልእክት አነበቡት። የመጨረሻዋን ቃል ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደገሟት። ከዚያ ወንበር ሳይፈልጉ የወረቀት ካርቶን ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ምን አደረግኩ?» አሉ።

«እርስዎ አይደሉም፤ ኢንተሩ ነው።»

«አታጥፊው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዱ። መንገድ ላይ ያየቻቸው አንዲት አሮጊት ሦስት ጊዜ አማትባ በር ዘጋችባቸው። ጋሼ ናኮ ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ይፈርሱ ነበር፤ ዛሬ ግን ቀና ብለውም አላዩ። ስቶይና ሲጋራ በሲጋራ እየለኮሰች ልጅቷን እንዴት አድርጋ ቀስ ብላ እንደምትነግራት ቃላት ታጠናለች። እሷ የቪዲንን ሞት ሁሉ ጽፋለች፤ ሰው አልሞተም ብሎ መንገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ ገጥሟት አያውቅም።

አውቶቡሱ ገባ። ኢስክራ ጥቁር በጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ነጭ አበባ ይዛ ወረደች። ስቶይናን ስታይ ሮጣ አንገቷ ላይ ወደቀች።

«አየሽው? ፊቱ እንዴት ነበር? ተሰቃየ?»

ስቶይና ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ገለል አለች። ከኋላዋ ጋሼ ናኮ ቆመው ነበር።

ኢስክራ አልጮኸችም። ቀረብ ብላ በእጇ ጀርባ የአባቷን ጉንጭ ነካችው፤ የታመመ ሕፃን ትኩሳት እንደሚለካ። «ሞቃት ነው» አለች ለስቶይና። ከዚያ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ስቶይና አፏ ተፈታና ስለ ኢንተሩ፣ ስለ ሐሙስ፣ ስላለቀው ዋስትና፣ ስለ ባኒጻው አንዱን ካንዱ እያምታታች ታወርድባት ጀመር፤ ልጅቷ የምትሰማት አትመስልም።

«ስምሽን ያስገባው ቁልፉ አይደለም» አሉ ጋሼ ናኮ። «እሱን ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

«አየሁት።»

«እናትሽ ስትታመም ግን ለምን…»

«አባዬ፣ እማዬ ስትታመም ለአሠሪዎቼ ነገርኳቸው። የማስታምማት አሮጊት አለቻቸው። ‹ሞተች እንዴ?› አሉኝ። ‹አልሞተችም፣ ታማለች› አልኩ። ‹እንግዲያው ስትሞት ትሄጃለሽ› አሉኝ። ስትሞት ደግሞ አንተ አልነገርከኝም። ከተቀበረች በኋላ ገጹ ላይ አየሁት፤ ስሜ የሌለበትን።»

«ደውለሽ ብታስረጂኝ…»

«አነሳህልኝ?»

ጋሼ ናኮ መሬት መሬት አዩ። «አላነሳሁም» አሉ።

ስቶይና ይህን ስትሰማ አፈረች። እነዚያን ሁሉ ዓመታት እሷም በልቧ ልጅቷን ስታማት ኖራለች፤ መላው ቪዲን አምቷታል።

«ማታ ወረቀትህን አሳየኋቸው» አለች ኢስክራ። «ስሜን በጣታቸው ተከትለው አዩና ወዲያው ፈቃድ ሰጡኝ። ሻንጣዬንም አብረው አዘጋጁልኝ። በሕይወት ላለህ አባቴ ስንት ጊዜ ለምኛቸው እምቢ ብለውኛል፤ ለሞትከው ግን አላመነቱም።»

ቀና ብላ ስቶይናን አየቻት።

«ወረቀቱን አጥፍተሽዋል?»

«ወዲያው ልጄ! ወዲያው ነው ያጠፋሁት፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ…»

«መልሺው።»

«ምን?»

«ስመለስ የታተመውን አምጪ ይሉኛል። ገጹንም ያዩታል፤ ከሌለ ዋሽታናለች ብለው ያባርሩኛል። ሥራዬን ካጣሁ መግቢያ የለኝም። እስክመለስ ድረስ ሞቶ ይቆይ።»

ስቶይና ቁልፉ ያደረገውን አሁን በገዛ ጣቷ ልታደርገው ነው፤ ሰውየው ከጎኗ ቆሞ እየተነፈሰ። ወደ ጋሼ ናኮ ዞረች፤ ይቆጣሉ፣ እምቢ ይላሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ልጃቸውን በእጃቸው ደግፈው አስነሷትና ጎንበስ ብለው ሻንጣዋን አነሱ።

«አትሚው» አሉ። «ሁለት አድርጊው። አንዱን በሬ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ስሟን ሰው ሁሉ ይየው።»

ኢስክራ የአባቷን ክንድ ያዘች። ስቶይና ሱቋን ልትከፍት ቀድማቸው ሄደች። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «ነፍስ ይማር» ይላታል፤ እሷም «አሜን» እያለች አለፈች።